ለአፀደ ሕፃናት ተማሪዎች ወላጆች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የቤት ሥራን ይመለከታል

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ክፍያ እስከ የካቲት 10 በባንክ እንዲፈጸም፣ በልጆች ሹራብ ላይም ስም እንዲጻፍ እያሳሰብን ወደ ዋናው ጉዳይ እንገባለን።

በርካታ ወላጆች በመገናኛ ደብተርም በር ላይም «ልጄ ሲጫወት ይውላል፤ የቤት ሥራ ለምን አይሰጠውም?» ብለውናል። ጥያቄው ከአሳቢነት የመነጨ መሆኑን እናምናለን፤ መልሳችን ግን በዚህ ዓመት ለአራተኛ ጊዜ ያው ነው፦ የ4 እና የ5 ዓመት ሕፃን ገጽ ሙሉ ፊደል እንዲገለብጥ አናዝም።

ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ እንዳሳየው፣ ሕፃን 7 ዓመት ገደማ እስኪሞላው ድረስ የሚፈርደው በአብዛኛው ዓይኑ ባየው መልክ ነው። በቅርቡ መምህርቷ በሁለት ብርጭቆ እኩል ውኃ ቀድታ፣ የአንዱን በልጆቹ ፊት ወደ ቀጭን ረጅም ጠርሙስ ስትገለብጠው፣ አንድ የ5 ዓመት ልጅ ሳያመነታ «የጠርሙሱ ይበልጣል» አለ፤ ወደ ብርጭቆው ስትመልሰው ደግሞ «አሁን እኩል ሆነ» አለ። ይህን እናንተም በቤታችሁ ታውቁታላችሁ፤ «ለእሷ ሁለት ሰጣችኋት» ብሎ የሚያለቅስ ልጅ፣ የራሱኑ ዳቦ ለሁለት ሲቆርሱለት ዝም ይላል። ከዚህ የሚያወጣው ውኃ መቅዳት፣ አሸዋ መስፈርና «ለምን እንዲህ ሆነ?» ተብሎ መጠየቅ ነው፤ እናንተ ጨዋታ የምትሉት፣ ክፍያውም የሚውለው ለዚሁ ነው። የሀገራችን ትምህርት 1ኛ ክፍልን በ7 ዓመት ማስጀመሩም እንዲያው በዘፈቀደ አይመስለንም።

«የጎረቤታችን ልጅ እስከ 100 ይቆጥራል» እንደምትሉን እናውቃለን። ይቁጠር፣ ደስ ይለናል፤ ነገር ግን 7 ባቄላ ስጠኝ ሲባል እፍኝ ሙሉ የሚያቀብል ከሆነ፣ የያዘው ዜማውን እንጂ ቁጥሩን አይደለም። «እኛ በዚህ ዕድሜ ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረናል» ለምትሉም፣ የቆጠራችሁት በዜማና በቃል እንጂ በእርሳስ ገጽ እየሞላችሁ አልነበረም። የሕፃን የእጅ አንጓ ትንንሽ አጥንቶች በዚህ ዕድሜ ገና ሁሉም አልጠነከሩም።

ባለፈው ዓመት ከግፊቱ ብዛት የቤት ሥራውን ለሁለት ሳምንት ሞክረነው ነበር። በተመለሱት ደብተሮች ላይ የነበረው «ሀ» ግን የ4 ዓመት ልጅ ሊያቆመው በማይችለው ሁኔታ ቀጥ ብሎ የቆመ ነበር፤ የማን እጅ እንደሆነ አልጠየቅንም።

አሁንም ያልተዋጠላችሁ ወላጆች ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ክፍል ገብታችሁ እንድትመለከቱ በአክብሮት እንጋብዛለን፤ በር ላይ ቆሞ መምህርቷን ማስቆም ግን እንዲቀር እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
ርእሰ መምህር