ለባቄላ የሚቀርበው ጓያ ነው፣ ቦሎቄ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስለ ሰሜን ሸዋ የጥራጥሬ ሰብሎች ባወጣችሁት ጽሑፍ ባቄላና ቦሎቄ «የቅርብ ዘመዳሞች» ተብለዋል፤ ጓያ ደግሞ ከሁለቱም የራቀ ተደርጎ ቀርቧል። የፍሬውን መልክ ብቻ ላየ ሰው እውነት ይመስላል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ማስረጃ ግን ተቃራኒውን ነው የሚናገረው። ጽሑፉን ክፍል ውስጥ የሚያነቡት መምህራንና ተማሪዎች ስለማይጠፉ እርማት ቢወጣ መልካም ነው።

ማስረጃው የክሎሮፕላስት ዲኤንኤ ነው። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፕላስት፣ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በፊት ራሱን ችሎ ይኖር የነበረ ሳይያኖባክቴሪያ (በብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅ ባክቴሪያ) በሌላ ሴል ተውጦ እዚያው በመቅረቱ የተገኘ ነው። ስለዚህ ዛሬም ከኑክሊየሱ (ከሴሉ እምብርት) የተለየ የራሱ ዲኤንኤ አለው። የጥንት ጂኖቹ አብዛኞቹ ጠፍተዋል ወይም ወደ ኑክሊየስ ተዛውረዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚይዘው ሩቢስኮ የተባለው ፕሮቲን እንኳ ትልቁ ክፍሉ በክሎሮፕላስት ጂን፣ ትንሹ ክፍሉ በኑክሊየስ ጂን ይሠራል።

የትምባሆ ክሎሮፕላስት ዲኤንኤ እ.ኤ.አ. በ1986 ሙሉ በሙሉ ሲነበብ ወደ 156 ሺህ ቤዝ ጥንድ (የዲኤንኤ ርዝመት የሚቆጠርበት ጥንድ ፊደል) ሆኖ ተገኘ። በውስጡ 25 ሺህ ያህል ቤዝ ጥንድ ያለው አንድ ክፍል ሁለት ጊዜ ይገኛል፤ ሁለቱ ቅጂዎች ፊትና ኋላቸው ተገለባብጦ ነው የተቀመጡት። አብዛኞቹ አበባ አውጪ ተክሎች ይህንኑ አቀማመጥ እንደያዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 የባቄላ ዲኤንኤ ሲመረመር ግን የራይቦዞም (የሴሉ ፕሮቲን መሥሪያ) አርኤንኤ ጂኖች የተገኙት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የእነዚህ ጂኖች ቦታ በዚያ በሚደገመው ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱ ጠፍቷል ማለት ነው። አተርም እንደዚያው ሆኖ ተገኘ። ምስር፣ ሽምብራ፣ ጓያ፣ አብሽ፣ ለከብት የሚዘራው አልፋልፋና የደጋው መስክ ማገጥ ሳይቀር አንድ ቅጂ ነው ያላቸው። ቦሎቄ፣ አኩሪ አተርና ግብጦ ግን ሁለቱንም ይዘው ቀርተዋል። በመጠንም ይታያል፦ ቦሎቄ 150 ሺህ፣ ሽምብራ 125 ሺህ ቤዝ ጥንድ ገደማ ነው። (አኩሪ አተር በስም አተር ይባል እንጂ በዘሩ ወደ ቦሎቄ ያደላል።)

እንዲህ ያለ ትልቅ ቁራጭ መጥፋቱ እምብዛም የማይደጋገም ክስተት ስለሆነ ከአንድ ቅድመ አያት የተወረሰ ምልክት አድርገን እንይዘዋለን። ብቻውን ግን አይበቃም፤ በሌሎች ወገኖችም፣ ለምሳሌ በጽድና በፓይን፣ አንደኛው ቅጂ ለየብቻ ጠፍቷል ወይም እጅግ አጥሯል። የጥራጥሬዎቹን ዝምድና የሚያጸናው የሌሎቹ ጂኖች ቅደም ተከተልም ይህንኑ መድገሙ ነው።

ይህን በቤተ ሙከራ ማሳየት የሚፈልግ መምህር በመጀመሪያ የቅጠሉን አያያዝ ይጠንቀቅ። ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማበር ባለው ጉም ውስጥ የተቀጠፈ ቅጠል ፌስታል ውስጥ ካደረ ይሻግታል፣ ዲኤንኤውም ይበጣጠሳል። ለጋ ቅጠል ተመርጦ፣ ጤዛው ተጠርጎ፣ በወረቀት ከረጢት ሆኖ በክብደቱ አሥር እጥፍ ሲሊካ ጄል (እርጥበት መጣጭ ፍሬ) ውስጥ ይቀመጥ። በማግስቱ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ ሲሊካው ይቀየር። ባቄላ ላይ የባሰ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቅጠሉ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ይጠቁራል፤ የሚያጠቁሩት ውህዶች ከዲኤንኤው ጋር ይጣበቁና ብጥብጡ ቡናማ ይሆናል፣ ፒሲአሩም (የተመረጠ የዲኤንኤ ቁራጭ የሚባዛበት ዘዴ) እምቢ ይላል። ለ20 ሚሊግራም ደረቅ ቅጠል 2 በመቶ ሲታብ (ሴሉን የሚያፈርስ ሳሙና መሰል ውህድ) ያለው ቡፈር፣ ማለትም የማውጫ ፈሳሽ፣ ላይ መጥቆሩን የሚከላከሉትን 1 ወይም 2 በመቶ ፒቪፒና ጥቂት ሜርካፕቶኢታኖል ጨምሮ፣ በ65 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ማቆየት ይህንን ይቀንሰዋል።

ፒሲአሩ ላይ አንዱ ፕራይመር (የሚባዛውን ቁራጭ ጫፍ የሚያመለክት አጭር ዲኤንኤ) በሚደገመው ክፍል ውስጥ፣ ሌላው ከድንበሩ ማዶ፣ ባቄላ ላይ በጠፋው ቅጂ በኩል ይያዝ። ቦሎቄ ጄል ላይ መስመር ይሰጣል (ቁራጩ ተባዝቷል ማለት ነው)፣ ባቄላና ጓያ አይሰጡም። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ መስመር አለመታየቱ ሙከራው ስለከሸፈም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ናሙና ጎን አርቢሲኤል የተባለው፣ የሩቢስኮን ትልቅ ክፍል የሚሠራው የክሎሮፕላስት ጂን አብሮ ይሠራ፣ ዲኤንኤ የሌለበት ቱቦም ይኑር። አርቢሲኤል ካልወጣ ስለ ዝምድናው ምንም ማለት አይቻልም።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ ክሎሮፕላስት አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ አንድ ወላጅ መስመር ብቻ መሆኑ ነው። በአብዛኞቹ አበባ አውጪ ተክሎች የሚወርደው ከእናት ነው። የስንዴ ክሎሮፕላስት በእናትነት የገባውን የዱር ሣር ወገን ያሳያል እንጂ አባቱን አያሳይም። አልፋልፋ ግን ከሁለቱም ወላጆች ይወርሳል። በጽድ ወገን ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው ከአባት፣ በነፋስ ከሚጓዘው ብናኝ ጋር ነው። ከወፍ ዋሻ ደን የኮሶና የጽድ ቅጠል አምጥቶ ውጤታቸውን በአንድ ዓይን የሚያነብ ሰው፣ ኮሶ ላይ የዘሩን ጉዞ፣ ጽድ ላይ የብናኙንም ጉዞ ደርቦ እያየ መሆኑን ካላወቀ ይሳሳታል።

እርማቱ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። «ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ሽምብራና ጓያ በአንድ ወገን፤ ቦሎቄና አኩሪ አተር በሌላ ወገን፤ ግብጦ ከሁለቱም ውጭ» ተብሎ ቢታተም ይበቃናል።

ከአክብሮት ጋር
ከደብረ ብርሃን