ጥቁር በረድ

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ክረምቱ ከብዷል። መብራትም እንደ ልማዱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ይህን የምጽፈው ሻማ አጠገብ ተቀምጬ ነው።

ልደውልልሽ ሦስቴ ስልክሽን አውጥቼ ሦስቴ ተውኩት። በስልክ ከሆነ ገና «ሃሎ» ስትዪኝ ወሬው ይጠፋብኛል። ስለዚህ እንደ ድሮው ልጻፍላት አልኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ወንድምሽን ለቅሶ ቤት አገኘሁት። «እህቴ ኪችኗንም ሻወሯንም ልታድስ ነው፤ ጥቁር እብነ በረድ መርጣለች» ብሎ ፎቶውን ከስልኩ አሳየኝ። ጥቁር ሆኖ እንደ መብረቅ የተሰነጣጠቀ ነጭ መስመር ያለው። ደነገጥኩ። ያ ድንጋይ እኮ እኔ ቤት አለ። እየፈጨሁበት፣ እያጠብኩበት፣ እየተጣላሁት ሦስት ዓመት አልፎኛል። አሁንም ዝም ካልኩሽ ሁለተኛ በደል ይሆናል።

አንደኛውን ልናዘዝ። የዚያን ዓመት ለጥምቀት መጥተሽ ስትደውዪ «ሐዋሳ ነኝ፣ ለሥራ ነው» አልኩሽ። ሐዋሳ አልነበርኩም። እዚሁ ቤቴ ነበርኩ። ቤቱ ገና በር አልነበረውም፤ በቆርቆሮ ነበር የምንዘጋው። መስኮቱ ላይ ፕላስቲክ ተወጥሯል። ዕቁቤን ወስጄ ግማሹን ለድንጋዩ ከፍያለሁ። አንቺን እዚያ ማስቀመጥ አፈርኩ። ከዚያ ውሸቴ አሳፈረኝና ጭራሽ ጠፋሁ። ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም የለም። በዚያ ላይ በዚያው ሳምንት ድንጋዩ ተበላሽቶብኝ ስለነበር ሰው ማየት አልፈለግሁም።

እንዴት ተበላሸ? የሻወሩን ወለል ያነጠፈው ልጅ የሲሚንቶ ቅሪቱን ሊያስለቅቅ አሲድ ደፋበት። ሴራሚክ ሲያነጥፉ ሁልጊዜ እንዲያ ያደርጋሉ፤ ሴራሚክ ምንም አይሆንም። እብነ በረዱ ግን እንደ አምቦ ውሃ ተንጨረጨረ። ታጥቦ ሲደርቅ ያ የሚያብረቀርቅ ጥቁር አመድ መስሎ ቀረ። ልጁን አልፈርድበትም። እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ። ሻጩ ግን ያውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ «ሲለር የሚሉት መከላከያ ተቀብቷል፣ ምንም አይነካውም» ብሎ ነው የሸጠልኝ።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ስለዚህ ድንጋይ መጠየቅና ማንበብ የጀመርኩት። ከገዛሁ በኋላ። ታውቂኛለሽ መቼም።

ስሙን ራሱ እዪው። እብን በግእዝ ድንጋይ ነው፤ እብነ በረድ ማለት የበረድ ድንጋይ። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ነጩን አይተው መሆን አለበት። የኛው ግን ጥቁር በረድ ነው። የወንድምሽ ፎቶ ላይ «ኔሮ ማርኪና» የሚል አንብቤያለሁ። ስፔን ውስጥ፣ ባስክ አገር፣ ማርኪና ከምትባል ከተማ አካባቢ የሚወጣ ነው። ድሮ የባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ ኖራ ነው። ጥቁረቱ በውስጡ ከታፈነው የሕያዋን ብስባሽ፣ ከካርቦኑ የመጣ ነው። እንዲያውም የድንጋይ አዋቂዎች እብነ በረድ አይሉትም፤ የኖራ ድንጋይ ነው ይላሉ። የምንወደው ነጭ መስመር ደግሞ ስንጥቅ ነው። ድንጋዩ ተሰነጠቀ፣ በስንጥቁ ውሃ ገባ፣ ውሃው ይዞት የመጣው ነጭ ማዕድን እዚያው ረጋ። የወርቅ መስመር ያለውን ካሳዩሽ «ፖርቶሮ» ነው፤ ከጣሊያን፣ ከፖርቶቬኔሬ አካባቢ። እሱን አይተሽ ብቻ እለፊ፤ ዋጋው አይቀመስም።

ጥቁር ሆነ ነጭ፣ ሁሉም በመሠረቱ ኖራ ነው። ኖራና ጎምዛዛ ነገር ደግሞ አይስማሙም። አሁን የኛን ኪችን አስቢ።

የመጀመሪያው ፋሲካ። ዶሮው ተገነጣጥሎ በሎሚና በጨው ይታሻል። የት? ሳህን ማጠቢያው አጠገብ፣ ድንጋዩ ላይ። ዶሮው አሥራ ሁለት ብልት ሆኖ ሲያልቅ ድንጋዩ ላይ የዶሮው ካርታ ተስሏል። የፈዘዘ፣ ግራጫ፣ ጣትሽን ብታሳልፊበት ሻከር የሚል። ቆሻሻ መስሎኝ ፈተግኩት። ቆሻሻ አይደለም። ድንጋዩ ራሱ ተበልቷል።

ከዚያ ሊጥ። የኔ ሊጥ ሦስት ቀን ነው የሚቦካው፤ ጎምዛዛነቱን ታውቂዋለሽ። ከቡሃቃው ጠርዝ ተንጠባጥቦ አደረ። ጠዋት የጠብታው ልክ ክብ ክብ ምልክት። ቲማቲም እንዲሁ። አቼቶ እንዲሁ። ጠጅም እንዲሁ፤ ለቤት ምርቃቱ የመጡ እንግዶች ብርሌያቸውን ያስቀመጡበት እስከ ዛሬ ይታወቃል። አንቺ እንጀራ ከሱቅ ከሆነ የምትገዢው አንዱ ጣጣ ቀረልሽ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ እንጀራ መጋገር ጀምራለች ሲሉ ሰምቻለሁ ግን፤ እውነት ነው?

ሲለሩን ተይው አልልሽም፣ ይጠቅማል። ግን ሥራው አንድ ነው፤ ዘይትና ቀለም ወደ ውስጥ እንዳይሰርግ ያዘገያል። ሎሚን አያቆምም። ሎሚ የሚበላው ላዩን ነው። ይህን ልዩነት ማንም ሻጭ በፈቃዱ አይነግርሽም።

የጥቁሩ ጥቅምም አለ፤ እውነቱን ልናገር። እርድ! ነጭ እብነ በረድ ላይ እርድ ቢደፋ ለቅሶ ነው። በርበሬም፣ የቡና አተላም እንዲሁ። እኔ ቤት ሦስቱም በየቀኑ ይደፋሉ፣ አንዱም አይታይም። ሎሚ የነካው ግን ነጭ ላይ ዞር ዞር ብለሽ በብርሃን ካልፈለግሽው አይታይም፤ ጥቁር ላይ ከበር ይታያል። አቧራ፣ ፀጉር፣ የጣት አሻራ፣ የደረቀ የውሃ ጠብታም ከበር ይታያሉ። እኔ መጀመሪያ «ጥቁር ነው፣ ቆሻሻ ይችላል» ብዬ ነው የመረጥኩት። ጥቁር ቀሚስ ለብሰሽ ድመት ያለበት ቤት የገባሽ ቀን ምን እንደሆንሽ አስታውሺ።

እማዬ በየወሩ ትመጣለች። መጥታ የምታደርገው የመጀመሪያ ነገር ድንጋዩን በጨርቅ መሸፈን ነው። «ይሄ ድንጋይ ነው ወይስ ሕፃን?» አለችኝ አንድ ቀን። ጀበናውንም ከእሳት ስታወርድ ማቶቱ ላይ እንጂ ድንጋዩ ላይ አታሳርፍም። እሷ ለጀበናው ብላ ነው፤ ለድንጋዩም ግን ደግ አደረገች። ድንገት የሚያርፍበትን ትኩስ አይወድም፣ በተለይ መስመሩ ያለበት ቦታ።

የመስመሩን ነገር አደራ። ውበቱም ድካሙም እሱ ነው። ድንጋዩ ሲሰበር በመስመሩ ነው የሚሰበር። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ጀርባቸው ላይ መረብና ሙጫ የሚለጠፍባቸው፤ አይተሽ አትደንግጪ፣ ማጭበርበር አይደለም። ግን የሲንኩ ቀዳዳ የሚቆረጥበት ማዕዘን ላይ ወፍራም መስመር እንዳያልፍ ንገሪያቸው። የኔን ሲያስገቡት እዚያው ላይ ቀጭ አለ። በጥቁር ማስቲሽ ደፈኑት። አላየሁም መሰላቸው።

መጋዘን ሄደሽ ራሱን ድንጋዩን፣ ያንቺ የሚሆነውን፣ ሙሉውን ቆሞ እዪው። ናሙና ላይ አንድ ቀጭን መስመር ታያለሽ፤ ሙሉው ላይ ግን ነጭ ጎርፍ ሊኖር ይችላል። ሁለት ተከታታይ ከሆኑ እንደ መጽሐፍ ገጽ ከፍተው ያጋጥሙልሻል፤ መስመሩ ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ ይዘረጋል። ከሻወሩ ግድግዳ ላይ ያ ቢሆንልሽ እቀናለሁ። ደግሞ አሴቶን ነጭ ጨርቅ ላይ ነክረሽ አሺው። ጥቁር ከለቀቀ ቀለም ተቀብቷል ማለት ነው፤ ትተሽው ውጪ። ቢላ የማይጭረው ከሆነ ደግሞ እብነ በረድ አይደለም፤ ግራናይት ወይም ሌላ ነው፣ ለኪችን እንዲያውም የሚሻል። ክብደቱንም ጠይቂ። አንድ ካሬ ሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው 54 ኪሎ ገደማ ነው፣ 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 80 ኪሎ። የናንተ ቤት እንጨት ነው፣ ካቢኔቱ ይችለው እንደሆነ ሠሪው ይመልከተው።

አሁን ደግሞ ስለማብረቅረቁ። እኔ የሚያብረቀርቀውን ገዛሁ፣ ፊቴን የሚያሳየውን። ዛሬ ቢሆን የማያብረቀርቀውን፣ ማት የሚሉትን እወስድ ነበር። ማቱ ሲታይ ጥቁር አይደለም፣ ከሰል ነው፤ ሱቅ ውስጥ አይማርክም። የቅባት እጅም ይይዛል። ግን ሎሚ ሲነካው ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ቢብስም በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይታረቃል። የሻወሬ ወለል የዳነው እንዲያ ነው። ሌላ ባለሙያ መጥቶ ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ እያፈሰሰ ፈገፈገው። ማብረቅረቁን ትቼ ማት አስደረግሁት። ጥሩ ሆነ! አያንሸራትትም። እርጥብ እግር ለሚረግጠው ወለል ከመጀመሪያውም የሚያብረቀርቅ ማንጠፍ እብደት ነበር።

ከኪችኑ ይልቅ ሻወሩ ውስጥ ነው እንግዲህ የምወደው። እዚያ ሎሚ የለም። ጠላቱ ውሃው ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቂው የለ? ያው ነው ቧንቧው ሥር የሚቀመጠው፣ ጥቁር ላይ ደግሞ ደምቆ። በአቼቶ ላስለቅቀው ያልሽ ቀን ድንጋዩም አብሮ ይለቃል። ታጥበሽ ስትወጪ በመስታወት መጥረጊያ ጎማ አንዴ ጎትቺው፣ አለቀ። የባለቤቴ ሥራ ነው እኔ ቤት። አንዳንዴ ይረሳል፤ ሲረሳ ቀኑንም ማወቅ ይቻላል።

መስኮት የሌለው ጠባብ ሻወር ከሆነ ግን አራቱንም ግድግዳ ጥቁር አታድርጊ። አንዱን ብቻ። መብራት የጠፋ ቀን እኔ ቤት ሻወር መግባት ጉድጓድ መውረድ ነው።

ለኪችኑ የኔን ሐሳብ ከፈለግሽ ለሁለት ክፈዪው። ሲንኩና ምድጃው አጠገብ፣ ዶሮ በሚታጠብበትና ሽንኩርት በሚከተፍበት፣ ጥቁር ግራናይት። ግራናይት ሎሚ አይፈራም። እብነ በረዱን ቡና የምታፈይበት ቦታ ላይ፣ ወይ ግድግዳው ላይ አቁሚው፤ ቀና ስትዪ የምታዪው እንዲሆን። እኛም አገር እብነ በረድ አለን፤ ቤኒሻንጉል ዳለቲ ይወጣል፣ ትግራይ ይወጣል። እኔ ግን የማርኪናውን መስመር አይቼ ልቤ ጠፋ። አሁንስ ብትዪኝ፣ ጠዋት ፀሐይ በምሥራቅ መስኮት ገብታ ስትነካው፣ ካርታውንም ጠብታውንም ረስቼ ቆሜ አየዋለሁ። አልነቅለውም። ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። ለዚህ ነው የምነግርሽ።

ሳትከፍዪ በፊት መዳፍ የምታክል ቁራጭ ስጡኝ በያቸው፣ ይሰጡሻል። ሎሚ ጨምቂበት። ከጎኑ ዘይት፣ ቡና፣ ሊጥ ካለሽም ሊጥ አንጠባጥቢ። ይደርበት። ጠዋት ጠርገሽ ወደ መስኮት አዙሪውና እዪው። ያየሽው ካላናደደሽ ግዢው፣ ካናደደሽ ደግሞ ቁራጩ ለሙቀጫ ማስቀመጫ ይሆንሻል።

ከዚያ ፎቶውን ላኪልኝ። የሎሚውን ነው፣ የሱቁን አይደለም። መልስ ባትጽፊልኝም አልቀየምም፤ ተራው ያንቺ ነው። ለጥምቀት ከመጣሽ ግን ሐዋሳ አልሄድም። በሩም ተገጥሟል።

ያንቺው