ሊጡን ከእኔ ቀድመሽ አቡኪው

ሐዋሳ፣ ነሐሴ 5

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ እየጠበቀ ይመጣል። በታቦር ተራራ በኩል ይጠቁርና ልብሱን ከገመድ ሳናወርድ ይደርስብናል።

ባለፈው እሑድ በስልክ “እማዬ፣ ዛሬ ምንም አላበሰልኩም፤ ዳቦ በሻይ በላሁ” ያልሽኝ ከሆዴ አልወጣም። ሳምንቱን ሙሉ ስትሠሪ ስለምትውዪ ሲደክምሽ ይገባኛል። ግን ቅዳሜና እሑድ እንኳ ትኩስ ነገር ሳትቀምሺ ሲያልፍ አልወድም። በዚያ ላይ የደብረ ብርሃን ብርድ! ስለዚህ ቅዳሜ የሠራነውን ፒዛ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። በስልክ ብነግርሽ ግማሹን ትረሺዋለሽ።

ነገሩን ያመጣው ወንድምሽ ነው። ዘንድሮ ፍልሰታን ሙሉውን እጾማለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። ሽሮና ምስር ሲደጋገምበት “የጾም ፒዛ ሥሪልኝ” አለኝ። እሺ ስለው ደግሞ “ግን ያለ አይብ ፒዛ ይባላል እንዴ?” አይለኝም! ይባላል እንጂ። እዚያው በፒዛ አገር፣ በናፖሊ፣ ማሪናራ የሚሉት የጥንት ፒዛ አይብ የለውም። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሪጋኖና የወይራ ዘይት ነው፤ በቃ። ይህን ስነግረው ፊቱ በራ። ለጾም ተብሎ የጎደለበት ነገር እንደሌለ ገባው።

ሊጡ እንዲህ ነው። 3 ብርጭቆ የፉርኖ ዱቄት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ቆንጠር ያለ ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። በ1 ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ለውሺው። ካነሰው ጠብ ጠብ እያደረግሽ ጨምሪ። ውሃው ጣትሽን እንዳያቃጥል፤ ከጋለ እርሾውን ይገድለዋል። ከዚያ እየገፉ፣ እያጠፉ 10 ደቂቃ ማሸት ነው። መጀመሪያ እጅ ላይ ይጣበቃል። ያን ጊዜ ዱቄት አትነስንሺበት፣ ታገሺው። ቆይቶ ራሱ እጅሽን ይለቅሻል። በጣትሽ ስትጫኚው መልሶ ከተነሳ ደርሷል። ሸፍነሽ አስቀምጪውና እጥፍ እስኪሆን ድረስ ኩፍ ይበል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አትክልቱ ላይ ነው። እኔም የመጀመሪያው ቀን ቲማቲሙን በጥሬው ከትፌ ደረደርኩበት። ውሃውን ለቀቀና መሃሉ ሊጥ እንደሆነ ቀረ። ወንድምሽ ዳር ዳሩን በልቶ ተነሳ። አሁን ቲማቲሙን በነጭ ሽንኩርትና በዘይት አቁላላዋለሁ፤ ማንኪያው ሲያልፍበት የድስቱ ቂጥ እስኪታይ ድረስ። ቀይ ሽንኩርቱን፣ ካሮቱንና ቃሪያውን ቀጠን አድርጌ ከትፌ ጠበስ አደርጋቸዋለሁ። ጥቅል ጎመን የሚጨምሩ አሉ፤ እኔ ሽታው ሌላውን ይጫነዋል ባይ ነኝ። አቮካዶ ከወደድሽ ፒዛው ከእሳት ከወጣ በኋላ አድርጊበት። እሳት ሲነካው ይመርራል።

አንቺ ጋ ደግሞ እዚህ እንደ ልብ የማናገኘው ነገር አለ፤ ጦስኝ። ለሻይ የሚሸጠውን ደረቁን በጣትሽ ፍርክርክ አድርገሽ በትኚበት። ኦሪጋኖ ፍለጋ አትድከሚ፤ ዘመዳሞች ናቸው።

ቅዳሜ ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ሁሉን አዘጋጅተን፣ ሊጡን ዘርግተን፣ ምድጃው መሞቅ ሲጀምር መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ወንድምሽ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። አባትሽ ምንም ሳይናገር በረንዳ ላይ ከሰል አቀጣጠለ። ያን ጊዜ የአያትሽ ድፎ ዳቦ ትዝ አለኝ። እሷ ከታች እሳት፣ ከላይም ብረት ምጣድ ደፍታ ፍም ታደርግበት ነበር። የፒዛ ምድጃም ሥራው ይኸው ነው። ከታች ወለሉ ይግላል፣ ከላይ ጣሪያው ሙቀቱን ይመልሳል። ሊጡን ወፍራሙ መጥበሻ ላይ አድርገን በብረት ምጣዱ ከደንነው፤ ፍሙን ከላይ ደረደርንበት። አባትሽ በካርቶን ያራግባል። ወንድምሽ በየደቂቃው “ደረሰ?” ይላል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቼ በጨርቅ ይዤ ሳነሳው፣ ዳሩ ተነፋፍቶ፣ ጫፉ ጠቆር ጠቆር ብሎ፣ ቲማቲሙ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ እስከ በር ወጣ። ሳህን እንኳ አላቀረብንም። እዚያው በረንዳ ላይ፣ ዝናቡን እያየን፣ በዳጣ በላነው። የዚያን ቀን ያንቺን ቦታ ደጋግሜ አየሁት።

አንቺ ምድጃ እንደሌለሽ አውቃለሁ። ክዳን ያለው ወፍራም መጥበሻ ይበቃሻል። ሊጡን ሳስ አድርገሽ ዘርጊና አንድ ፊቱን ብቻ ጋግሪ። ገልብጪው። የበሰለው ፊት ላይ ቲማቲሙንና አትክልቱን አድርጊና እሳቱን ቀንሰሽ ክደኚው። የታችኛው ፊት ቡናማ ሲሆን አውጪው። ያችን ግድግዳ የምትጋሪያትን ልጅም ጥሪያት፤ ለብቻሽ አትብዪ።

የፊታችን ቅዳሜ እኛም ደግመን እንሠራለን። እኔ 7 ሰዓት ላይ አቦካለሁ። እዚህ ሙቀቱ ስላለ በአንድ ሰዓት ውስጥ ኩፍ ይላል። ያንቺ ከተማ ግን ከእኛ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ በብርድ ሊጥ ይሰንፋል። በጋቢሽ ጠቅልለሽ አስቀምጪው። 6 ሰዓት ላይ ጀምሪና አብረን እንድረስ። ኩፍ ሲልልሽ ደውዪልኝ፤ ስልኩን ወንድምሽ ነው የሚያነሳው።

እናትሽ