ድልድዩን ሳይነጋ ተሻገሪ

ይድረስ ለሰብልዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? ዓመት ከመንፈቅ ጠፍቼ ዛሬ በምን አፏ ብትዪ እውነትሽን ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው። የእማማን ለቅሶ በስልክ ብቻ ማለፌ ደግሞ... እሱን ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ነው የምነግርሽ፤ በደብዳቤ አይሆንልኝም። አሁን የጻፍኩት ሌላ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። በጁላይ ሚጣን ይዛችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ ባሕር ዳር ወዳለችው ኦሽን ሲቲ ልትወርዱ ነው፣ ያውም ዓርብ ከሥራ መልስ፣ ሲሉ ሰማሁ። ዓርብ ማታ! ተይ ሰብልዬ።

መንገዱ 140 ማይል ገደማ ነው፤ ክፍት ከሆነ ሦስት ሰዓት አይፈጅም። ግን ከዲሲም ከባልቲሞርም ወደ ባሕር የሚወርደው ሁሉ የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ በሚያሻግረው ድልድይ፣ ቤይ ብሪጅ ላይ ይገናኛል። ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ መኪናው ከአናፖሊስ ጀምሮ ይቆማል። ቅዳሜ ረፋዱም አይሻልም፤ ብዙዎቹ የኪራይ ቤቶች ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ስለሚከራዩ ወጪውና ገቢው ባንድ ቀን ይገጥማል። ስለዚህ ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ውጡ። ዕቃው ማታ ይጫን። ሚጣን ዳይፐሯን ቀይረሽ ከነፒጃማዋ እሰሪያት፤ እንቅልፏን ትቀጥላለች፣ ከ12 ሰዓት በፊት ተሻግራችኋል። ድልድዩ ከ4 ማይል በላይ ነው፤ ዳር ወጥቶ መቆሚያ የለውም፤ ከውሃው 186 ጫማ ከፍ ይላል። እንጦጦ ላይ ምን እንደሆንሽ አልረሳሁምና መሪውን ለባልሽ ስጪ። ቁርስና ሽንት ቤት ከድልድዩ ማዶ ኬንት አይላንድ ላይ ታገኛላችሁ።

ለቁርሱ ጨጨብሳ ወይም ፍርፍር በፔርሙስ ያዢላት። መጀመሪያ የፈላ ውሃ ሞልተሽበት አሥር ደቂቃ ይቆይ፤ ከዚያ ደፍተሽ ትኩሱን ምግብ ክተቺ፤ አለበለዚያ ብረቱ ሙቀቱን ይጠጣዋል። ቆሎ ግን ከኋላ ወንበር እንዳይደርስ! ዳቦ ቆሎውም፣ ኦቾሎኒውም። ሁለት ዓመት ተኩል የሆናት ልጅ በደንብ አላምጣ አትፈጭም፤ ወደ ኋላ ዞራ ስለምትቀመጥ ደግሞ ቢያንቃት ፊቷን አታዩትም። ወይን ከሰጠሻት በቁመቱ አራት ቦታ ክፈይው። ታብሌቱንም መንገዱ ቀጥ እስኪል አቆዪው፤ ጎንበስ ብሎ ማየት ያስመልሳል።

ስትደርሱ ገና ጠዋት ነው፤ ቤቱን ደግሞ ከሰዓት በፊት አያስረክቧችሁም። ይሄ ነው ብዙ ሰው የሚዘነጋው። የባሕር ቦርሳችሁ ከሁሉም ዕቃ በላይ ይጫን፤ ከተማው ሳትገቡ በ611 ቁጥር መንገድ ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ አሳቲግ ደሴት ዋሉ። በየመንገዱ የሚዞሩት ፈረሶች የዱር ናቸው፤ ይነክሳሉ፣ ይራገጣሉ። ቢያንስ 40 ጫማ፣ አንድ አውቶቡስ የሚያህል፣ ራቁ፤ ምግብም መኪና ውስጥ ይቆለፍ። ነፋሱ ከባሕሩ ከመጣ ቀኑ ያምራል፤ ከምዕራብ ከነፈሰ ግን ተናካሽ ዝንቡን ይዞት ይመጣልና ብዙ አትቆዩ። ሰንስክሪን ከመኪና ሳትወርዱ ቀቢያት፣ በየሁለት ሰዓቱም ድገሚ። የትንኝ መከላከያ ከፈለግሽ ከሰንስክሪኑ በኋላ ነው የሚቀባው።

አሁን እንቅልፍ ወደነሳኝ ልምጣ። ውሃው።

ሰው ልጁን ይዞ ጥልቅ ውሃ አይገባም፤ የሚጎዳው ዳር ላይ ነው። ኦሽን ሲቲ አሸዋው ወደ ውሃው ሲወርድ ቁልቁለት ነው። ማዕበሉ ከሩቅ ቀስ በቀስ እየሟሸሸ አይመጣም፤ ድንገት ተነስቶ ዳሩ ላይ፣ በቀጥታ አሸዋው ላይ፣ ይፈርጣል። ትልቅ ሰው እንኳ አንስቶ ባንገቱ ይተክላል። ውሃው ቁርጭምጭሚት ስለሚያህል ሰው ይዘናጋል፤ ሲመለስ ደግሞ ከእግር ሥር አሸዋውን ጠርጎ ይሄዳል። ለሚጣ ቁርጭምጭሚትሽ ጉልበቷ ነው።

ስለዚህ እርጥቡ አሸዋ የሚያልቅበትን መስመር እዪና ምንጣፋችሁን ከዚያ በላይ ብዙ እርምጃ ወደ ኋላ ዘርጉ። ውሃው ሲሸሽ፣ ዳሩ ሜዳ ሜዳ ሲል፣ እግሯን ታስነክሪያለሽ፤ ውሃው ሞልቶ ቁልቁለቱ ላይ ሲመታ ግን አይሆንም። ስትወርጂ በጣቷ ሳይሆን በክንዷ ያዣት፤ እርጥብ ጣት ያመልጣል። ጀርባሽን ለባሕሩ አትስጪ፣ ፎቶ ለማንሳትም ቢሆን። የባሕር ዳር ነፍስ አዳኝ ጠባቂዎቹ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ከሰዓት ነው የሚቀመጡት፤ ከዚያ ውጪ ውሃ መግባት የለም። ስትደርሱ ሄደሽ ዛሬ ዳሩ እንዴት ነው ብለሽ ጠይቂያቸው፤ ደስ እያላቸው ይነግሩሻል። የዋና ልብሷ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ይሁን፤ ሰማያዊና ነጭ ውሃ ውስጥ አይታይም። ክንድ ላይ የሚነፋው ፕላስቲክ ሕይወት አያድንም፤ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ (ኮስት ጋርድ) ያጸደቀው የመንሳፈፊያ ጃኬት ይሁን፣ በኪሎዋ ልክ። ጉድጓድ ትቆፍር፣ ግን ከጉልበቷ አይለፍ፤ አሸዋ ይደረመሳል።

ከባሕር ስትመለሱ እርጥብ ገላዋ ላይ የበቆሎ ስታርች ነስንሰሽ በፎጣ ጥረጊው፤ አሸዋው ልቅም ብሎ ይወርዳል። ይሄ የቅንጦት እንዳይመስልሽ። አሸዋ የካር ሲቱ፣ የመኪና የልጅ ወንበሯ፣ መቆለፊያ ውስጥ ከገባ ቀበቶው ቀጭ ሳይል የቆለፈ ይመስላል። ባሕር ዳር ስትውሉ መቀመጫውን በነጭ አንሶላ ሸፍኚው፤ ብረቱም ጭኗን አያቃጥላትም። ዘይት እንዳታደርጉበት፤ መመሪያው ከፈቀደ በለብ ያለ ውሃ ብቻ ይታጠባል። ዕቃ ስታወርዱ ደግሞ መጀመሪያ የምትወርደው እሷ ትሁን። የቆመ መኪና ውስጡ በአሥር ደቂቃ ወደ 20 ዲግሪ ፋራናይት ይጨምራል።

ሰብልዬ፣ ይኼን ሁሉ ሳዝሽ መብት እንዳለኝ እርግጠኛ አይደለሁም። ግን አንቺ ውሃ ስታዪ ልጅ ትሆኛለሽ፤ ላንጋኖ ላይ ማን ጎትቶ እንዳወጣሽ አንቺም ታውቂያለሽ። ባትደውዪ አልቀየምም፤ ዓርብን መተውሽን ብቻ በአንድ መስመር ጻፊልኝ። የሚጣን ጃኬት እኔ ልግዛላት፣ ኪሎዋን ላኪልኝ።

የምትወድሽ፣
ያቺው ጠፊዋ