ይህ ፎቶ መቼና የት ነው የተነሣው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። ጣና ሐይቅን ከወረረው አረም፣ ከእምቦጭ ልጀምርና ወደ እናንተ ሥራ እመጣለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ፎቶ በቴሌግራምና በፌስቡክ ይዞራል። ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ የለበሰ ውኃ፣ መሐሉ ላይ የተቀረቀረ ታንኳ፣ ከሥሩ «ጣና እየጠፋ ነው፣ ሼር አድርጉ» የሚል ጽሑፍ። መቼ ተነሣ? የት? ማን አነሣው? ምንም የለም። እዚህ ከተማ ያለ ሰው ፎቶውን አይቶ ቀና ሲል ሐይቁ ጥርት ብሎ ይታየዋል። «ውሸት ነው» ብሎ ኮሜንት ይጽፋል። ፎገራ ወይም ደምቢያ ዘመድ ያለው ደግሞ «ምኑ ነው ውሸቱ? የከብቶቻችንን ግጦሽ ጨርሶት የለም እንዴ!» ይላል። ከዚያ ስድብ ይከተላል፤ ስድቡም አረሙን ትቶ ወደ ዘርና ወደ ፖለቲካ ይሄዳል።

የሚያሳዝነው ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጣና ላይ ከታየ ጀምሮ የከፋው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ነው። ባሕር ዳር ያለችው በደቡብ ነው። አረሙም ወቅት አለው፤ ከክረምት በኋላ ይንሰራፋል፣ በበጋ ይቀንሳል፣ ነፋስም ከቦታ ቦታ ይገፋዋል። የጥቅምትን ፎቶ በሚያዝያ የለጠፈ ሰው እውነተኛ ፎቶ ይዞ ውሸት አወራ ማለት ነው።

ስልኩን ለመኮነን አይደለም ይህን የምለው። በ2010 ዓ.ም. አካባቢ ያ ሁሉ ወጣት ከየከተማው እየመጣ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ አረም የነቀለው በአብዛኛው ፌስቡክ ላይ አይቶ ነው። ይህን መካድ ግፍ ነው። ግን ከዘመቻው በኋላስ? ያ የታረመው ቦታ ዛሬ ምን ይመስላል? የተገዙት ማሽኖች ይሠራሉ ወይስ ቆመዋል? ይህን ማንም አይለጥፈውም፣ ላይክ አያመጣማ። ይህ የጋዜጠኛ ሥራ ነው፤ እናንተም እየተዋችሁት ነው።

አሁን አሁን ጋዜጣችሁን ስገልጥ የማገኘው ከቀናት በፊት ቴሌግራም ላይ ያነበብኩትን ነው። አንዳንዴ ፎቶው ራሱ ያው ነው፤ ከሥሩ «ከማኅበራዊ ሚዲያ የተገኘ» ይላል። ሳምንታዊ ጋዜጣ ከቴሌግራም ጋር በፍጥነት ተሽቀዳድሞ የት ሊደርስ?

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ሰው ሬዲዮ ፈለገ፣ ከአዲስ አበባ የመጣን እንግዳ ከበበ፣ አንዱ የሰማውን ሌላው እየጨመረበት አወራ። የታተመ ወረቀት ምን ያህል እንደሚያስፈልገን ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። ጋዜጣ ላይ ስም አለ፣ ቀን አለ፣ አድራሻ አለ፤ ቢሳሳት ሄደን የምንጠይቀው ሰው አለ። እዚሁ ሐይቃችን ላይ ያሉ ገዳማት የሚጠብቋቸው የብራና መጻሕፍት እንኳ ብዙዎቹ ማን እንዳጻፋቸው ይናገራሉ። ሼር ተደርጎ የመጣልን ወሬ ግን ባለቤቱ ማን እንደሆነ አይታወቅም።

እና አንድ ነገር ልለምናችሁ። በየወሩ ከባሕር ዳር፣ ከጎርጎራና ከፎገራ ዳርቻ፣ ሁልጊዜ ከዚያው ቦታ የተነሣ ፎቶ አትሙልን። ከሥሩ ቀኑ፣ ቦታውና ያነሣው ሰው ስም ይኑር። ዓመት ሲሞላ ዘንድሮን ከአምና እናስተያያለን። ያንኑ ፎቶ ቴሌግራማችሁ ላይ ልቀቁት፣ ሼር ማድረጉን ለእኛ ተዉት። ስትሳሳቱም እርማቱን ዜናው በወጣበት ገጽ ላይ አውጡት፤ ውስጥ ገጽ ጥግ ላይ የተደበቀ እርማት ማን ያየዋል?

ዘጋቢ በየቦታው መላክ ገንዘብ እንደሚጠይቅ፣ ወረቀት እንደተወደደ፣ መንገዱም ሁልጊዜ እንደማይመች አውቃለሁ። ግን ዳርቻው ላይ የሚውሉት አስጋሪዎችና ገበሬዎች ስልክ አላቸው። ደውሉላቸው። ውኃው የት ጋ እንደተዘጋባቸው ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከባሕር ዳር