ጉዳዩ፦ «ባሌ ከነውሻዎ» በሚል ስለተሸጠው የካምፒንግ ጉዞ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለጉዞ አዘጋጅ ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ሀዋሳ

ጥር 17 እና 18 ባዘጋጃችሁት የአንድ ሌሊት ጉዞ የተሳተፍን አራት ደንበኞች ነን። በነፍስ ወከፍ 6,500 ብር፣ «ለውሻ አገልግሎት» ደግሞ 1,500 ብር ከፍለናል፤ የደረሰኙ ቅጂ ተያይዟል።

ከሁሉ የሚብሰው የውሻው ነገር ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውሻ አያስገባም። ዲንሾ ላይ ትኬት ሲቆረጥ የተመለስነውም ለዚሁ ነው፤ ጥበቃዎቹ ሥራቸውን ሠሩ እንጂ አላጠፉም። አስጎብኚያችሁ ግን ክልከላውን የሰማው ገና እዚያው ቆሞ ነው። ሾፌሩ ያመጣው መላ ውሻውን ከኋላ ወንበር ሥር አስተኝቶ ብርድ ልብስ ደርቦበት ማሳለፍ ነበር። አልተስማማንም። ከአራታችን አንዱ ከውሻው ጋር ጎባ አልጋ ይዞ አደረ፤ የቀረነው ሦስታችን የፓርኩ ከፍተኛ ሜዳ ወደሆነው ሳነቴ ወጥተን አደርን።

ቢሯችሁ «የክትባት ካርድ ካለው ችግር የለም» ብሎን ነበር። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ቢሆኑ ነው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያሉትም ባሌ ነው። የሚፈጃቸው ደግሞ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. ገደማ በዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ስንቱን እንደጨረሰ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። ካርዱ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው የዚህ በሽታ ክትባት ብቻ ነው። ዲስተምፐር የተባለው ሌላው የውሻ በሽታ ራሱን የቻለ ክትባት አለው፣ የሚተላለፈውም ያለ ንክሻ፣ በትንፋሽና በንፍጥ ነው። ሁለቱንም የተከተበ ውሻ ቢሆን እንኳ ፍልፈል ባየ ቁጥር መሮጡ አይቀርም፤ ፍልፈል ደግሞ የቀበሮው ቀለብ ነው። ቀይ ቀበሮ እንደ ጅብ ሌሊት ሳይሆን በቀን ስለሚያድን፣ እናንተ «የእግር ጉዞ» ብላችሁ የመደባችሁት ሰዓት የእሱም የአደን ሰዓት ነው። ጉዞውን አርሲ ወዳለው ጭላሎ ተራራ ለማዛወር ካሰባችሁም ቀይ ቀበሮ እዚያም አለ።

ወደ ዕቃው እንለፍ። ስሊፒንግ ባጎቹን (የመኝታ ከረጢቶቹን) «ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ይችላሉ» ብላችሁ አከራያችሁን። ከረጢቱ ውስጥ የተሰፋው ምልክት ላይ ሦስት ቁጥር አለ፦ ኮምፎርት (ምቾት) 7፣ ሊሚት (ወሰን) 2፣ ኤክስትሪም (ጽንፍ) −11። ሦስተኛው ሰው ተኝቶ የሚያድርበት ሳይሆን፣ አካሉ በብርድ እየተጎዳም ቢሆን በሕይወት የሚቆይበት ልክ ነው። ደንበኛ የሚነገረው የመጀመሪያው ቁጥር ነው። ሳነቴ በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ 7 ዲግሪ ለሚል ከረጢት ቦታው አይደለም። ከሥር የሚነጠፈው ስፖንጅም አንድ ሳንቲ ሜትር አይሞላም፣ ብርዱ ደግሞ ይበልጥ የሚመጣው ከመሬት ነው።

ድንኳኑ 14 ካስማ ይፈልጋል፤ በድንኳኑ መያዣ ውስጥ የነበረው 9 ነው። በነፋሱ በኩል የሚታሰሩት ሁለቱ አውታሮችም የሉም። ሳነቴ ዛፍ የሌለው ሜዳ ስለሆነ ነፋሱን የሚያቆመው ነገር የለም። የውጭው ልባስ ካልተወጠረ ከውስጠኛው ጋር ይጣበቃል፤ የተኛው ሰው ትንፋሽ እዚያ ላይ ይረጋል፣ ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ቀልጦ ፊት ላይ ይንጠባጠባል።

የማብሰያው ጋዝም ንጹሕ ቡቴን ነበር። ከፍታው ትንሽ ቢረዳውም በውርጭ ግፊቱ ይወርዳል፣ ነበልባሉ ይሞታል። ፕሮፔን የተቀላቀለበት ይቅረብ። ለእራት ያልተከካ ምስር ማሸጋችሁ ደግሞ ገርሞናል፦ 4,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ምስሩ እስኪበስል ብዙ ጋዝ ይፈጃል። በሶ ወይም ሽሮ ቢሆን ያዋጣ ነበር።

ከሀዋሳ 1,700 ሜትር ተነስቶ በዚያው ዕለት 4,000 ላይ ማደር ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል። የመጀመሪያው ሌሊት ከ3,000 ሜትር ብዙም በማትርቀው ዲንሾ ይሁን። (4,377 ሜትሩን ቱሉ ዲምቱን «ፈታኝ ተራራ መውጣት» ማለታችሁንም አስቡበት፤ ጫፉ ድረስ መኪና ይወጣል።)

የምንጠይቀው የውሻው 1,500 ብር፣ የጎባው አልጋ 900 ብር፣ ሳነቴ ያልወጣው ጓደኛችን ክፍያ ግማሽ 3,250 ብር፣ በድምሩ 5,650 ብር እንዲመለስልን ነው። የቴሌግራም ማስታወቂያውም ይነሳ፤ አሳሳች ማስታወቂያ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ምላሽ ካላገኘን ጉዳዩን ለከተማው ንግድ መምሪያ እናቀርባለን።

የስሊፒንግ ባጉን ምልክትና የድንኳኑን ካስማዎች ፎቶ አያይዘናል። ለቀጣዩ ጉዞ ከነውሻቸው የተመዘገቡ ሰዎች ካሉ እባካችሁ ዛሬውኑ ደውሉላቸው።

ከሰላምታ ጋር
አራቱ ተጓዦች