ሰባት ወር የመሰለሽ 72 ቀን ነው፤ ደብዳቤ ለልጄ

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ብርዱ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ገብቷል፤ እኛ ግን ለምደነዋል።

ባለፈው እሑድ በስልክ ስለ መመረቂያ ሥራሽ ስታጫውቺኝ፣ አያትሽ በልጅነትሽ ትነግርሽ የነበረውን የጅብና የአህያ ተረት በራስሽ ቃልና በራስሽ ሥዕል የልጆች መጽሐፍ አድርገሽ ለማቅረብ መወሰንሽን ሰምቼ እጅግ ደስ አለኝ። እናትሽም ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ተረቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ደግማ አወራችልኝ። ሆኖም «ገና ሰባት ወር አለኝ» ያልሽው ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ አልጠፋም። 31 ዓመት ሙሉ በማተሚያ ቤት በአራሚነት ስሠራ፣ «ገና ጊዜ አለ» ተብሎ የተጀመረ ሥራ በመጨረሻው ሳምንት የሰው እንባ ሲያወርድ ያየሁት ብዙ ጊዜ ስለሆነ፣ በስልክ ከምነግርሽ ይልቅ ደጋግመሽ እንድታነቢው በጽሑፍ ላደርሰው መረጥሁ።

መጀመሪያ ስለ ግብሽ ልናገር። ምን ለመሥራት እንዳሰብሽ ስጠይቅሽ «ልጆች የሚወዱት፣ የሚያምር መጽሐፍ» ብለሽኛል። ይህ መልካም ምኞት ነው፤ አትተዪው። ነገር ግን ምኞት ሰኞ ጠዋት ከመኝታሽ ስትነሺ እጅሽ ምን ይዞ እንደሚጀምር አይነግርሽም። ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ በኋላ አንድ ወረቀት አውጥተሽ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «እስከ ግንቦት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ፣ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 8 ዓመት ለሆኑ ልጆች የሚሆን፣ 32 ገጽና ሽፋኑን ጨምሮ 13 ትልልቅ ሥዕሎች ያሉት መጽሐፍ በ20 ቅጂ አሳትሜ አስረክባለሁ።» በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነገር ሲደርስ «ሆነ» ወይም «አልሆነም» ሊባል የሚችል ነው፤ ልዩነቱም እዚህ ላይ ነው። 32 ገጽ ያልሁትም እንዲሁ አይደለም። መሐሉ ላይ በስቴፕለር የሚሰፋ መጽሐፍ አንድ ወረቀት ታጥፎ 4 ገጽ ስለሚሆን ጠቅላላ ገጹ ለ4 መካፈል አለበት፤ በ33 ገጽ ከጨረስሽ ለአንዲቷ ገጽ ስትዪ ሦስት ባዶ ገጽ ትጨምሪያለሽ። ስለ 13ቱ ሥዕሎች ምክንያቴን ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ።

አሁን ቀኑን አብረን እንቁጠር። ከጳጉሜን በቀር የእኛ ወር ሁሉ 30 ቀን መሆኑ ለዚህ ዓይነት ስሌት እንዴት እንደሚመች ማተሚያ ቤት እያለሁ ዘወትር እደነቅበት ነበር። ከዛሬ እስከ ግንቦት 10 ያለው 202 ቀን ነው፤ 29 ሳምንት ያህል ማለት ነው። ከዚህ ላይ ለመንፈቀ ዓመቱ ፈተና 2 ሳምንት፣ ለገናና ለጥምቀት 1 ሳምንት፣ ለሕማማትና ለፋሲካ ደግሞ 2 ሳምንት ቀንሺ፤ ፋሲካ ዘንድሮ ሚያዝያ 4 ነው። 24 ሳምንት ቀረሽ። ሌላ ትምህርት የማይዝብሽ ቀን ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ እንደሆነ ነግረሽኛል። እንግዲህ በሳምንት 3 ቀን ከሆነ፣ ሰባት ወር የመሰለሽ ጊዜ በእውነቱ 72 የሥራ ቀን ነው። ይህን የጻፍሁት ላስደነግጥሽ አይደለም። 72 ቀን በደንብ ለያዘው ሰው በቂ ነው፤ የሚጎዳው ሰባት ወር መስሎት የተቀመጠውን ነው።

ቀጥሎ ከመጨረሻው ቀን ተነሥተሽ ወደ ኋላ ቁጠሪ። ሰው ብዙውን ጊዜ ከዛሬ ጀምሮ ወደ ፊት ሲቆጥር ለሚወደው ሥራ ቀኑን ሁሉ ይሰጥና ለማይወደው ሥራ ትራፊውን ያስቀራል። አንቺ የምትወጂው መሣል ነው፤ ትራፊው የሚደርሰው ለገጽ ቅንብር፣ ለእርማትና ለኅትመት ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ከፋሲካ ማግሥት እስከ ግንቦት 10 ያሉትን 5 ሳምንታት፣ ማለትም 15 የሥራ ቀናት፣ አስቀድመሽ አጥሪያቸው፤ 6ቱ ለገጽ ቅንብር፣ 5ቱ ለእርማት፣ 4ቱ ለማተሚያ ቤት። ሥዕሎቹ በሙሉ እስከ መጋቢት 25 ያልቃሉ። ተረቱ ደግሞ ቃሉ ጠርቶና ተስተካክሎ እስከ ኅዳር 18 ይዘጋል፤ ለዚህ 12 ቀን አለሽ። ከኅዳር 19 እስከ መጋቢት 25 ፈተናውና በዓላቱ ሲነሡ 45 የሥራ ቀን ይቀራል፤ እሱ የሥዕል ጊዜሽ ነው።

32ቱን ገጾች ስትደለድዪ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ለርእስ፣ ለአሳታሚው መግለጫና ለመታሰቢያ፣ የመጨረሻዋ ለመዝጊያ ቢሆኑ፣ ለተረቱ የሚቀሩት ፊት ለፊት የሚተያዩ 14 ጥንድ ገጾች ናቸው። ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ሥዕል ቢሆንና ሽፋኑ ሲጨመር 15 ይሆናል። 15 ሥዕል በ45 ቀን ሲሠራ ለአንዱ 3 ቀን ይደርሰዋል፤ አንዲት ቀን እንኳ አትተርፍም። ሰው ደግሞ ይታመማል፤ መብራት ይጠፋል፤ ለቅሶ ይመጣል። ሁለቱን ጥንድ ገጾች በጽሑፍና በኅዳግ ላይ በምትሠሪያት ትንሽ ንድፍ ሸፍኛቸው፤ 13 ሥዕል ያልሁሽ ለዚህ ነው። ሥዕሎቹ 13 ሲሆኑ 6 ቀን፣ ማለትም ሙሉ 2 ሳምንት፣ መጠባበቂያ ይኖርሻል። ምናልባት ቅር ይልሽ ይሆናል። ነገር ግን አህያዋ ብቻዋን በጨለማ የምትሄድበት ገጽ ጽሑፍና ባዶ ቦታ ብቻ ቢሆን፣ ልጁ ጨለማውን በራሱ ልብ ይሥለዋል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ እልሻለሁ። «ለአንድ ሥዕል 3 ቀን» የሚለው የእኔ ግምት እንጂ የአንቺ እጅ ልክ አይደለም። የመጀመሪያውን ሥዕል ስትሠሪ የጀመርሽበትንና ያቆምሽበትን ሰዓት ከወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ መዝግቢ፤ የውኃ ቀለሙ እስኪደርቅ የጠበቅሽውንም፣ አበላሽተሽ እንደገና የጀመርሽውንም ጨምሪ። 4 ቀን ከፈጀብሽ 13ቱ 52 ቀን ስለሚፈልጉ ዕቅዱ በዚያው ቀን ፈርሷል ማለት ነውና፣ የሥዕሎቹን ቁጥር ወዲያውኑ ወደ 11 አውርጂ። ይህን በኅዳር ማድረግ ጥበብ ነው፤ በመጋቢት ማድረግ ግን ጭንቀት ነው።

ጽሑፉ ከሥዕሉ በፊት ይዘጋ ማለቴን ምናልባት ሠዓሊ ስለሆንሽ ላትወጂው ትችያለሽ። ምክንያቱን ላስረዳሽ። በሥዕሉ ላይ ለጽሑፍ የምትተዪው ቦታ የሚለካው በጽሑፉ ርዝመት ነው። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ሁለት መስመር ከጨመርሽ ወይ ፊደሉን ታሳንሺያለሽ፣ ወይ ጽሑፉን በጅቡ ጀርባ ላይ ታሳርፊዋለሽ፤ ገና ማንበብ ለሚለማመድ ልጅ ደግሞ ሁለቱም ክፉ ናቸው። ስለዚህ 8 ተራ ወረቀት ከመሐሉ አጥፈሽ አንዱን በአንዱ ውስጥ ብታስገቢ ባለ 32 ገጽ ባዶ መጽሐፍ ይሆንልሻል። በእሱ ላይ ጽሑፉን በእጅሽ ጻፊ፤ ሥዕሉን በክብና በመስመር ብቻ አመልክቺ። ከዚያ የሠፈሩን ልጆች ሰብስበሽ ገጹን እየገለጥሽ አንብቢላቸው። ልጆች «ጥሩ ነው» ቢሉሽ አትመኚ፤ ዐይናቸውን ተመልከቺ። ወደ ጎን ያዩበትን ገጽ ምልክት አድርጊበት፤ «ከዚያስ?» ያሉበትን ገጽ ደግሞ አትንኪው። ቅጠል ስትገለጥ የሚመጣውን ነገር አስቀድሞ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ካለ እሱን አውጪው፤ አያትሽ ጅቡ ከመምጣቱ በፊት ዝም ትል እንደነበር አትርሺ።

ስለ ፊደልም ልንገርሽ፤ ይህ የእኔ ሙያ ስለሆነ ብረዝም ታገሺኝ። ፀሐይ የምትለውን ቃል ብቻ ብንወስድ፣ ሁለቱ «ጸ» እና ሦስቱ «ሀ» ሲቀያየሩ ቢያንስ በ6 መንገድ ልትጻፍ ትችላለች። አንድ ልጅ በገጽ 6 ላይ በአንድ ዓይነት፣ በገጽ 20 ላይ በሌላ ዓይነት ካገኛት ሁለት ቃል መስላው ግራ ይጋባል። ስለዚህ ጽሑፉን ስትዘጊ እንዲህ የሚያሻሙትን ቃላት በሙሉ በአንድ ወረቀት ላይ ዘርዝረሽ፣ አጻጻፋቸውን መርጠሽ፣ ወረቀቱን ከመሣያ ጠረጴዛሽ ፊት ለፊት ግድግዳ ላይ ለጥፊው። የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ በሚያዝያ ግን ሁለት ቀን ያተርፍልሻል።

ወደ ማተሚያ ቤት የምትሄጂው ሥራው ሲያልቅ አይሁን፤ በዚህ ወር ሂጂ። የወረቀቱን ዓይነት፣ የመጽሐፉን መጠንና ዋጋውን ጠይቂ፤ ለ20 ቅጂ ፕሌት የሚባለውን የማተሚያ ብረት ሰሌዳ ማስወጣት ስለማያዋጣ በዲጂታል ማተሚያ የሚሠራ ቤት ፈልጊ። ከመቁረጫው መስመር ውጪ ሥዕሉ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲተርፍ አድርጊ፤ አለዚያ ሲቆረጥ ነጭ ክር የመሰለ ጠርዝ ይወጣበታል። የአህያዋን ፊት መጽሐፉ በሚታጠፍበት መሐል ላይ አታድርጊው። በኮምፒውተር ላይ እንደ መብራት ደምቆ የምታዪው አረንጓዴ በወረቀት ላይ እንደዚያ እንደማይወጣም ከአሁኑ እወቂ፤ ኮምፒውተሩ ቀለምን በብርሃን ያሳያል፤ ወረቀት ላይ የሚያርፈው ግን የአራት ቀለሞች ቅልቅል ነው። የመጀመሪያው ሥዕልሽ እንዳለቀ ስካን አድርገሽ አንዲት ገጽ በሙከራ አሳትሚና ከዋናው ጋር በቀን ብርሃን አስተያዪ። ግንቦት አጋማሽ ሲደርስ የምረቃ መጽሔት የሚያሳትመው ሁሉ ስለሚሰለፍ ተራሽን አስቀድመሽ አስይዢ።

አሁን እስካሁን ያልነገርሁሽን ነገር ልጻፍልሽ። ሥራ በገባሁ በአራተኛው ዓመት አንድ አዛውንት ለብዙ ዓመት የደከሙበትን የታሪክ መጽሐፍ ሊያሳትሙ መጡ። የውስጡን ገጽ በሙሉ ሦስት ጊዜ አንብቤ አርሜዋለሁ። ሽፋኑ ግን ለመጨረሻ እርማት ወደ እኔ የመጣው ከሥራ መውጫ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነበርና፣ ፊደሉ ትልቅ ስለሆነ ስሕተት ቢኖርበት ከሩቅ ይታያል ብዬ አንድ ጊዜ ብቻ አየት አድርጌ ፈረምሁበት። በማግሥቱ ስገባ 2,000 ሽፋን ታትሞ ተከምሯል፤ በሽማግሌው የአባት ስም ውስጥ አንዲት ፊደል ጎድላለች። ዐይን ትልቅን ቃል እንደ ሥዕል በአንድ ጊዜ ይወስደዋል እንጂ ፊደል በፊደል እንደማያነበው ያን ጊዜ ተማርሁ። ሽማግሌው ሽፋኑን ይዘው አመልካች ጣታቸውን በአባታቸው ስም ላይ እያመላለሱ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ሽፋኑ እንደገና ታተመ፤ ኪሣራውም ከደመወዜ ተቆረጠ። ጣታቸው ግን እስከ ዛሬ ይታየኛል።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የምትለው አያትሽ ይህን ታሪክ ታውቅ ነበር። እርማት ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ 5ቱን ቀናት ለሥዕል ብለሽ እንዳትበዪያቸው እለምንሻለሁ። በመጀመሪያው ቀን ድምፅ እያሰማሽ አንብቢ። በሁለተኛው ከመጨረሻው ቃል ተነሥተሽ ወደ ኋላ አንብቢ፤ ትርጉሙ ስለማይጎትትሽ ፊደሉ ይታይሻል። በሦስተኛው ሽፋኑን፣ ርእሱንና የገጽ ቁጥሮቹን ብቻ ተመልከቺ። ከዚያ አትመሽ ለእኔ ላኪው፤ ከአዲስ አበባ እዚህ 130 ኪሎ ሜትር ነውና ጠዋት በመኪና ብትልኪው ከሰዓት በኋላ ይደርሰኛል፤ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ በማግሥቱ እመልስልሻለሁ። በአምስተኛው ቀን የእኔን እርማት ታስገቢያለሽ።

በሥራ ቀንሽ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ያለውን ለቀለም ስጪው፤ በአምፖል ብርሃን የተቀላቀለ ቀለም በማግሥቱ ሌላ ሆኖ ይጠብቅሻል። ስካን ማድረጉ፣ ደብዳቤ መጻፉና ወጪ ማስላቱ ለማታ ይቆይ። የኮምፒውተር ሥራሽን በየቀኑ በሁለት ቦታ አስቀምጪ። እሑድን ግን ዕረፊበት፤ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ፤ እኛንም ደውዪልን።

እናትሽ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥራልሻለች፤ ቅዳሜ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣው የጎረቤታችን ልጅ ሰጥተነዋል። ከጥቅሉ በታች ጠፍጣፋ ነገር ታገኛለሽ፤ 8 ወረቀት አጥፌ በክር የሰፋሁት መጽሐፍ ነው። የገጹን ቁጥር ከ1 እስከ 32 በእርሳስ ጽፌበታለሁ፤ ሌላው ሁሉ ባዶ ነው።

አባትሽ